ማሳነሻ ቅጽል በላቲንና በአማርኛ

የአማርኛን ሰዋስው በላቲን ጽፎ በ1698 እ.ኤ.አ. በፍራንክፈርት ያሳተመው ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ነው። አማርኛውን ያስተማሩት የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። ስለዚህ የቋንቋችንን ጥናት ከሥሩ ለሚመረምር ተማሪ ላቲን ባዕድ አይደለም። ዛሬ ከዚሁ ቋንቋ አንዲት ትንሽ ርእስ እናንሣ፤ ይኸውም ማሳነሻ ቅጽል ነው።

ላቲን ቅጽልን የሚያሳንሰው ከመጨረሻው ላይ ቅጥያ ጨምሮ ነው። ፓርቩስ (ትንሽ) ፓርቩሉስ፥ ኖቩስ (አዲስ) ኖቬሉስ፥ ሚሴር (ምስኪን) ሚሴሉስ ይሆናል። ቅጥያው ከማነስ ሌላ ፍቅርን፥ ርኅራኄን ወይም ንቀትን ያመለክታል።

እርባታው እንደ ቦኑስ (መልካም) ነው፤ ቅጽሉ የስሙን ጾታ፥ ቍጥርና ሙያ ይከተላል፦

ተባዕት፦ ፑኤር ፓርቩሉስ (ትንሽዬ ወንድ ልጅ)
አንስት፦ ፑኤላ ፓርቩላ (ትንሽዬ ሴት ልጅ)
ግዑዝ፦ ኦፒዱም ፓርቩሉም (ትንሽዬ ከተማ)

የተባዕቱ ነጠላ እንዲህ ይረባል፦

ባለቤት፦ ፓርቩሉስ
ዘርፍ፦ ፓርቩሊ
ተቀባይ፦ ፓርቩሎ
ተሳቢ፦ ፓርቩሉም
ከ«በ» ወይም ከ«ከ» ጋር የሚስማማው፦ ፓርቩሎ

አንስቱ በዚሁ ተራ ፓርቩላ፥ ፓርቩላይ፥ ፓርቩላይ፥ ፓርቩላም፥ ፓርቩላ ይላል።

ልብ እንበል፤ በላቲን ስሙ ቢያንስም ጾታው አይለወጥም። ሊቤር (መጽሐፍ) ተባዕት ነው፤ አንሶ ሊቤሉስ ሲባልም ተባዕት ነው።

አማርኛ ግን የሚለውጠው ጾታውን ራሱን ነው። ማክሰኝት ገበያ አጠገብ ሁለት ቤቶች ቢፈርሱ፥ «ትልቁ ቤት ፈረሰ፤ ትንሿ ቤትም ፈረሰች» እንላለን። ምልክቱን የሚሸከመው ቅጽሉ ነው፤ ተሳቢ ሲሆንም «ትንሿን ቤት አየኋት» ይባላል። ከላይ «አንዲት ትንሽ ርእስ» ያልነውም በዚሁ ሕግ ነው። «ትንሽዬ» የሚል ቅጥያ ቢኖረንም ለሁሉ አይሆንም፤ «አዲስዬ ቤት» የሚል የለም።

እንግዲህ ተርጓሚው ሊቤሉስን «ይህች መጽሐፍ» ቢል ደኅና አድርጎ ተረጐመ። ነገር ግን ስለ ሰው ሲሆን ይጠንቀቅ። ወንድ ሕፃንን «አንቺ» ማለት ማቈላመጥ ነው፤ ትልቅ ሰውን በአንስት መጥራት ግን ስድብ ነው። ላቲኑ ሆሞ ሚሴሉስ ሲል ለሰውዬው አዝኖ ነው፤ እኛ «ምስኪኗ ሰውዬ» ብንል ግን ተሳለቅንበት። እዚህ ላይ ጾታውን ትቶ «አንጀት የሚበላ ምስኪን ሰው» ማለት ይሻላል።

መልመጃ፦ ሚሴሉስን በተባዕትና በአንስት አርባ፤ ቀጥለህም ኦፒዱም ፓርቩሉም የሚለውን «ትንሽዬ» ሳትል ወደ አማርኛ መልስ።