የማገዶ ቁጠባ በሠፈራ ጣቢያዎች

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቅ ከተጎዱት የሰሜን አካባቢዎች ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ሲሠፍር፣ ለጎጆውም ለማገዶውም የሚሆነው እንጨት የተገኘው በዙሪያው ካለው ደን ነበር።

በገጠር ቤተሰብ ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ የሚልቀውን የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ከተጣደ ምጣድ ሥር ያለው እሳት በየአቅጣጫው ክፍት በመሆኑ፣ አብዛኛው ሙቀት ምጣዱን ሳያገኝ በነፋስ ይወሰዳል። በ1980ዎቹ የተነደፈው ምርጥ ምድጃ ከሲሚንቶና ከፐሚስ በቅርጽ ማውጫ የሚሠራ ሲሆን፣ እሳቱን ዙሪያውን ከብቦ የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ደን መልሶ ከሚያበቅለው በላይ ሲቆረጥ ከማገዶው የሚወጣው ካርቦን በአየር ላይ ይቀራል፤ በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂም የተሻሻለ ምድጃን ቅድሚያ ከሰጣቸው አራት ተግባሮች አንዱ አድርጎታል።

ሆኖም ምድጃው ከባድ ነው፤ በጥርጊያ መንገድ ሲጓጓዝም ይሰበራል። በመሆኑም ቅርጽ ማውጫውንና ሲሚንቶውን ልኮ በጣቢያው ማምረት ይመረጣል። አስቀድሞ ግን፣ ጥቃቅን ቢመስልም፣ የሠፋሪዎቹ ምጣድ ስፋት መለካት ይኖርበታል፤ ምጣዱ ካልገጠመ እናቶች ምድጃውን ትተው ወደ ጉልቻቸው መመለሳቸው አይቀርም።