የራስሽን ፊት እንዳለ ለመሣል

ልጄ፣ ፊትሽን በእርሳስ፣ ሳታስውቢው፣ እንዳለ መሣል እንደምትፈልጊ ነግረሽኛል። ደስ ብሎኛል። ከዚህ የተሻለ የሥዕል ትምህርት አላውቅም። ሞዴሉ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ከቀጠሮ አይቀርም፣ ደጋግመሽ ብታስቀምጪውም አያኮርፍም። ሠዓሊው ቪንሰንት ቫን ጎግ እ.ኤ.አ. ከ1886 እስከ 1888 ፓሪስ ሳለ የራሱን ፊት ደጋግሞ የሣለው ለሞዴል የሚከፍለው ስላልነበረው ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርሽ። የፊትን ልኬት የሚማር ብዙ ሰው ልኩን ሕግ ያደርገውና ፊቱን ሁሉ በዚያ ይቆርጠዋል። ልኩ መነሻ ብቻ ነው። የአንቺ ፊት ከሌላው የት ላይ እንደሚለይ ያሳይሻል፤ መልክሽም ያለው እዚያ ልዩነት ላይ ነው። የቀረውን ምክሬን ይህን ይዘሽ አንብቢው።

1. ስልክሽን ትተሽ ከመስታወት ሣዪ። በክንድ ርቀት ያነሣሽው ፎቶ አፍንጫሽን ያገዝፋል፣ ጆሮሽን ያሳንሳል፤ ለካሜራ የቀረበው ይተልቃል፣ የራቀው ያንሳል። ከዚያ ላይ የወሰድሽው ልክ የፊትሽ ልክ አይሆንም። ሠዓሊው አልብሬክት ዱረር እ.ኤ.አ. በ1484፣ ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳለ፣ መስታወት ፊት ተቀምጦ ራሱን ሥሏል። ያውም ጫፉ ብር በሆነ፣ የተሰመረው በላጲስ በማይጠፋበት መሣሪያ። ሥዕሉ ዛሬም ቪየና፣ አልበርቲና ሙዚየም ውስጥ አለ።

መስታወቱን ቀጥ አድርገሽ በዐይንሽ ከፍታ አቁሚው። ግድግዳ ተደግፎ ወደ ኋላ ከተጋደመ ፊትሽን ከታች ወደ ላይ ታዪዋለሽ፤ አገጭሽ ይገዝፋል፣ ግንባርሽ ያጥራል። ከተቀመጥሽ በኋላ አንድ ዐይንሽን ጨፍነሽ የአፍንጫሽ ጫፍ የሚያርፍበት ቦታ ላይ በሳሙና ነጥብ አድርጊ። ውኃ ልትጠጪ ተነሥተሽ ስትመለሺ ፊትሽን ወደዚያው ነጥብ ትመልሺዋለሽ።

መስታወት ግራና ቀኝን እንደሚያገላብጥም አትርሺ። ቫን ጎግ በ1889 ጆሮው በፋሻ ታስሮ በሣለው የራሱ ምስል ላይ ፋሻው በቀኝ በኩል ይታያል፤ የቆሰለው ግን ግራ ጆሮው ነበር። እናትሽ ሥዕልሽን አይታ «አንቺን ይመስላል፣ ግን የሆነ ነገር አለው» ብትልሽ አትደንግጪ። እሷ ሁልጊዜ የምታየው ያልተገለበጠውን ፊትሽን ነው።

2. ብርሃኑ ከአንድ ወገን ይምጣ። መስኮቱ በግራሽ ወይም በቀኝሽ ይሁን፤ የጣሪያውን አምፖል አጥፊ። ብርሃን ከየአቅጣጫው ሲመጣ ጥላ ይጠፋል፤ ጥላ ከሌለ ደግሞ አፍንጫሽ ጉንጭሽ ላይ የተለጠፈ ይመስላል። የአውሮፓ የሥዕል መጻሕፍት ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ምረጡ ይላሉ፤ እዚያ በሰሜን መስኮት ፀሐይ በቀጥታ እምብዛም ስለማትገባ ብርሃኑ ቶሎ አይለዋወጥም። አዲስ አበባ ላይ ግን ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን ታጋድላለች። ያኔ ስስ ነጭ መጋረጃ ወይም ነጠላ ጋርጂበት።

3. ዐይን ያለው የራስ ግማሽ ላይ ነው። ጀማሪ ሁሉ ማለት ይቻላል ዐይንን ወደ ላይ ይሰቅለዋል። ሰውን ስናይ የምናተኩረው ዐይኑ፣ አፍንጫውና አፉ ላይ ስለሆነ ግንባሩና ፀጉሩ ባዶ ቦታ ይመስለንና እናሳጥረዋለን። የሚወጣው ሥዕል አናት የሌለው ሰው ነው።

ቃሌን ብቻ አትቀበዪ፤ ራስሽ ሞክሪው። መስታወቱ ፊት ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ አንድ ዐይንሽን ጨፍኚ፣ በሳሙና ሦስት አጫጭር መስመሮች አስምሪ፦ አንዱን በአናትሽ፣ አንዱን በዐይንሽ፣ አንዱን በአገጭሽ ሥር። ከዚያ ገለል በዪና በማስመሪያ ለኪ። የላይኛውና የታችኛው ክፍተት እኩል ወይም ለእኩል የቀረበ ሆኖ ታገኚዋለሽ። በዚያው ሌላ ነገር ታዪያለሽ። ራስሽ ከአናት እስከ አገጭ 22 ሳንቲ ሜትር ቢሆን መስታወቱ ላይ ያሰመርሽው 11 ብቻ ነው። ሁለት እርምጃ ርቆ የቆመ ሰው ራሱን ቢያስለካም ያው የራሱ ግማሽ ይወጣል። ምስልሽ ከመስታወቱ ኋላ የሚገኘው አንቺ ከፊቱ በራቅሽው ልክ ስለሆነ መስታወቱ ምን ጊዜም መሐል ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሥዕልሽን በዚያው መጠን ሣዪው፤ ከመስታወት ወደ ወረቀት ልኩን ሳትቀይሪ ታሻግሪዋለሽ።

አናት ስልሽ የራስ ቅሉን ማለቴ ነው። ሹሩባ ከተሠራሽ ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ ጎፈሬ ከሆነ ግን ማስመሪያውን ጫን አድርገሽ አጥንቱን አግኚ እንጂ ከፀጉሩ ጫፍ አትለኪ።

4. የቀሩት ልኮች አጭር ናቸው። ከፀጉር መነሻ እስከ ቅንድብ፣ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ሥር፣ ከአፍንጫ ሥር እስከ አገጭ ሦስት እኩል ክፍል ነው። የራስ ወርድ በዐይን ስፋት ሲለካ አምስት ይሆናል፤ በሁለቱ ዐይኖች መካከልም አንድ ዐይን ይገባል። ጆሮ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ሥር ይደርሳል። የአፍ መስመር ከአፍንጫ ሥር ወደ አገጭ ሲወረድ ሲሶው ላይ ነው። የፊትን ሦስት ክፍል ሮማዊው አርክቴክት ቪትሩቪየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው መቶ ዓመት ጽፎታል፤ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም ወደ 1490 ገደማ በሥዕል አሳይቶታል። መስመሮቹን በኤችቢ እርሳስ፣ ሳትጫኚ አስምሪያቸው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ቀጥ ብለሽ ስታዪ ነው። ራስሽን ስትደፊ ጆሮሽ ከዐይንሽ በላይ ይወጣል፤ ቀና ስትዪ ይወርዳል።

5. አሁን ዋናው ይመጣል፤ ከልኩ የወጣሽበትን ፈልጊ። የሥዕል መጽሐፉ የአፍንጫ ክንፎች ከዐይን ውስጠኛ ጥግ ቀጥ ብሎ በሚወርድ መስመር ላይ ያርፋሉ ይልሻል። የእኛ አገር ሰው አፍንጫ ብዙ ጊዜ ከዚያ መስመር ይወጣል። የስንቱን ወጣት ሥዕል አይቻለሁ፤ አፍንጫው ጠቧል፣ ከንፈሩ ሳስቷል፣ ግንባሩ አጥሯል። እጁ ሳይታወቀው ፊቱን ወደ መጽሐፉ ፊት ይወስደዋል። ይህን አታድርጊ። ያንን ሕግ የጻፉት ሰዎች አጠገባቸው የነበረውን ፊት ነው የለኩት፤ አንቺም አጠገብሽ ያለውን ለኪ። ዱረር ራሱ በሰው ልክ ላይ የጻፋቸው አራት መጻሕፍት፣ በሞተበት በ1528 የታተሙት፣ አንድ ብቸኛ ፊት አይደለም የሚያስተምሩት። መስመሮቹን እያጠበበና እያሰፋ፣ እያዘመመም፣ ስንት ዓይነት ፊት እንደሚወጣ ያሳያል።

አለካኩ እንዲህ ነው። እርሳሱን ይዘሽ ክንድሽን ሙሉ በሙሉ ዘርጊ፣ ክርንሽ እንዳይታጠፍ፤ አንድ ዐይን ጨፍኚ። የእርሳሱን ጫፍ በአንድ ዐይንሽ ጥግ ላይ አድርጊና በአውራ ጣትሽ ሌላውን ጥግ ያዢ። ያ ስፋት መለኪያሽ ነው። አፍንጫሽ ስንት ዐይን ይሰፋል? አንድ ከሩብ? አንድ ተኩል? አፍሽስ? ከከንፈርሽ እስከ አገጭሽስ? እያንዳንዱን በወረቀቱ ዳር ጻፊው። ቁመቱን ለማየት ደግሞ ክር ጫፍ ላይ ጠጠር አስረሽ እንደ ግንበኛ ቱንቢ በመስታወቱ ፊት አንጠልጥዪው፤ ክሩን በዐይንሽ ውስጠኛ ጥግ ላይ አውርጂና ታች የት እንደሚያልፍ ተመልከቺ።

ግራና ቀኝሽንም አወዳድሪ። አንዱ ዐይን ጥቂት ዝቅ ይላል፣ አንዱ ቅንድብ ይበልጥ ይጎብጣል፣ የአፍንጫ ድልድይ ወደ አንዱ ወገን ያዘነብላል። የሁሉም ሰው ፊት እንዲህ ነው። ግማሹን ሠርቶ ወደ ሌላው መገልበጥ ያማረ ጭምብል ይሰጥሻል እንጂ አንቺን አይሰጥሽም። የጥፍር ግማሽ የምታህል ዝቅታ ከተውሽ ጓደኛሽ ሥዕሉን «የማን ነው?» ትላለች፤ ከያዝሽው ገና ከበር ታውቅሻለች።

6. ሽፋሽፍት መጨረሻ ላይ ይምጣ። ጣራ ሳይቆም ኮርኒስ አይመታም። መጀመሪያ የራሱን ቅርጽ፣ የዐይን ጉድጓዱን ጥላ፣ የአፍንጫውን ጎን፣ ከታችኛው ከንፈር ሥር ያለውን ጨለማ በሰፊው አስቀምጪ። ዐይን ክብ ኳስ ነው፤ ቆቡ በላዩ ላይ ውፍረት ያለው ክዳን ሆኖ ያርፍበታል፣ ጥላም ይጥልበታል። ስለዚህ የዐይን ነጭ ነጭ አይደለም፤ ዐይኑ ውስጥ ወረቀቱን ነጭ አድርገሽ የምትተዪው ብሌኑ ላይ ያለችውን የመስኮት ነጸብራቅ ብቻ ነው። አፍንጫ ከፊት ሲታይ ዙሪያውን የሚከብ መስመር የለውም። ጥላው ነው የሚያቆመው። አፍሽን ገጥመሽ ሣዪ፤ ፈገግታ ያን ያህል ጊዜ አይቆይም።

7. ጠይም ቆዳን በማጥቆር አትሣዪው። መጻሕፍቱ ጥላ አጣጣልን የሚያስተምሩት በአብዛኛው በነጭ ሰው ፊት ነው፤ ያንን ይዞ ጠይም ፊት የሚሥል ሰው ሁሉንም ቦታ እኩል በእርሳስ ይሸፍነዋል፣ ፊቱም ይሞታል። ጠይም ቆዳ ላይ ብርሃን ጠንከር ብሎ ይታያል፦ ግንባር ላይ፣ ጉንጭ አጥንት ላይ፣ አፍንጫ ድልድይ ላይ፣ ታችኛው ከንፈር ላይ። እዚያ ወረቀቱን አትንኪው። ከመጀመርሽ በፊት ከነጩ ወረቀት እስከ 6ቢ እርሳስ ጥቁረት አምስት ደረጃ በወረቀት ዳር ሠርተሽ፣ ዐይንሽን አጥብበሽ እያየሽ የፊትሽን እያንዳንዱን ቦታ በየደረጃው መድቢ። ከሁሉ የምወደውን ዘዴ ልንገርሽ፤ ደብተር የሚለበድበትን ቡናማ ወረቀት ውሰጂ። መካከለኛው ቀለም ተሠርቶ ይጠብቅሻል፤ ጨለማውን በከሰል፣ ብርሃኑን በነጭ ጠመኔ ብቻ ታወጪዋለሽ። በጣትሽ አትሺው፤ የጣት ቅባት ወረቀቱን ያቆሽሸዋል።

8. ይህን ተማርኩ ብለሽ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችንን አትናቂ። ጎንደር፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት መላእክት ትልልቅ ዐይን ያላቸው ሠዓሊው ልክ ስላላወቀ አይደለም። ያ ሥርዓት የራሱ ልክ አለው፤ ቅዱሱ በሁለት ዐይኑ ያይሻል፣ ክፉው ብዙ ጊዜ በጎን ተሥሎ በአንድ ዐይን ይቀራል። ሁለቱንም ማወቅ ይቻላል። ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ከዚያ ወግ እየቀዱ በአውሮፓ የሥዕል ትምህርትም የተካኑ ነበሩ፤ የራሳቸው ምስል ፍሎረንስ፣ ኡፊዚ ሙዚየም ካለው ታላቅ የሠዓሊያን የራስ ምስል ስብስብ ገብቷል።

9. እየሠራሽ አርሚ። ወረቀትሽ ጠረጴዛ ላይ ከተኛ ሳታውቂው ራሱን ታስረዝሚዋለሽ፤ ሰሌዳ ላይ ለጥፈሽ ቀና አድርጊው። በየመሐሉ ሦስት እርምጃ ራቅ ብለሽ እዪው። ሥዕሉን ራሱን ወደ መስታወት አዙሪና ተመልከቺ፤ ዐይንሽ የለመደው ጥመት ወዲያው ፈጥጦ ይወጣል። ከደከመሽ አሳድሪው።

10. ሠዓሊው ሬምብራንት ከወጣትነቱ አንሥቶ በ63 ዓመቱ እስከሞተበት እስከ 1669 ድረስ የራሱን ፊት በቀለምና በሕትመት ወደ 80 ጊዜ ያህል ሠርቷል። በመጨረሻዎቹ ላይ የዐይኑ ሥር ከረጢት፣ የላላው ጉንጭ፣ ያበጠው አፍንጫ ሁሉም አለ፤ አንዱንም አልደበቀም። አንቺም ጠባሳሽን፣ ብጉርሽን፣ ያልተስተካከለ ቅንድብሽን አትደብቂ። በወረቀቱ ጥግ ቀኑን ጻፊ፣ የለካሽውን ሁሉ ከጎኑ ተዪው። በየወሩ አንድ ሣዪ። የመጀመሪያው ባይመስልሽም እባክሽ አትቅደጂው፤ አስቀምጠሽ ከስድስተኛው ጋር አምጪልኝ፣ አብረን እናያቸዋለን።