መንጠቆ በቁጥሩ ሳይሆን በአፉ ይገዛል

ለአስመጪ፣ ለጅምላ ነጋዴና ለቸርቻሪ የቀረበ ትምህርት

መንጠቆ ትንሽ ዕቃ ነው። በአንድ ካርቶን ብዙ ሺህ ይገባል፣ ማጓጓዣው ቀላል ነው፣ እንደ እህል አይነቅዝም። በዚህም ምክንያት አስመጪው ብዙውን ጊዜ በፕሮፎርማው ላይ የሰፈረውን ቁጥርና ዋጋ ብቻ አይቶ ያዛል። ዕቃው ገብቶ ሐይቅ ዳር ሲደርስ ግን አጥማጁ አንዱን አንስቶ በጥፍሩ ይሞክርና መልሶ ያስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ ካርቶኑ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል፤ ገንዘቡም አብሮት ይታሰራል።

ይህ ኪሳራ የሚመጣው በአብዛኛው ከዋጋ ክርክር አይደለም። ገዢው የሚገዛውን ዕቃ መለኪያ ካለማወቁ ነው።

ቁጥሩ ምን ይናገራል?

የመንጠቆ ቁጥር በሁለት አቅጣጫ ይሄዳል። ከ1 ወዲህ ያሉት ቁጥሮች እየጨመሩ ሲሄዱ መንጠቆው እያነሰ ይመጣል፤ ቁጥር 10 ከቁጥር 4 ያንሳል፣ ቁጥር 4 ደግሞ ከቁጥር 1 ያንሳል። ከ1 ቀጥሎ 1/0፣ 2/0፣ 3/0 እየተባለ ሲቆጠር ግን መንጠቆው እየተለቀ ይሄዳል። ስለዚህ 4 እና 4/0 ፈጽሞ የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። በትዕዛዝ ወረቀት ላይ ያቺ ዜሮ ብትዘለል ለትልቅ ዓሣ የታሰበው ገንዘብ በትናንሽ መንጠቆ ተመንዝሮ ይመጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቁጥሩን ሁሉም ፋብሪካ በአንድ ልክ የማይሠራበት መሆኑ ነው። የመንጠቆ ሥራ በእንግሊዝ ሬዲች ከተማ ከመርፌ ሥራ ጋር፣ በኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1832 በተመሠረተው በሙስታድ ኩባንያ፣ በጃፓን ደግሞ በሂዮጎ ግዛት ባንሹ በተባለው አካባቢ በየራሱ መንገድ አድጓል። የአንዱ ፋብሪካ ቁጥር 2 ከሌላው ቁጥር 2 ሊሰፋ ወይም ሊጠብ ይችላል። ከዚህም በላይ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ እንኳ የቅርጹ ዓይነት ሲለወጥ ልኩ ይለወጣል።

እንግዲህ ቁጥሩ መነሻ እንጂ መለኪያ አይደለም። እውነተኛው መለኪያ የአፉ ስፋት ነው፤ ይህም ከሹሉ ጫፍ እስከ ቀጥተኛው እግር ድረስ ያለው ርቀት ሲሆን በሚሊሜትር ይለካል። ከእርሱ ቀጥሎ የሽቦው ውፍረት ይታያል። በማሸጊያው ላይ 2ኤክስ ጠንካራ የሚል ምልክት ካለ ሽቦው በሁለት ቁጥር የሚበልጠው መንጠቆ የሚሠራበት ወፍራም ሽቦ ነው ማለት ነው።

ከባስ አጥማጆች የሚገኝ ትምህርት

መንጠቆ እንዴት እንደሚመረጥ በግልጽ የሚታየው አጥማጁ አንድ መንጠቆ ብቻ ይዞ በሚሠራበት ቦታ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በአሜሪካ ባስ የተባለው ዓሣ የሚጠመድበት ድሮፕ ሾት የሚሉት ዘዴ ነው። ዘዴው ከጃፓን ተወስዶ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ ተስፋፍቷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እርሳሱ በክሩ መጨረሻ ላይ ይታሰርና ታች መሬት ይነካል። መንጠቆው ከእርሳሱ በላይ ከ20 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ባለው ርቀት ክሩ ላይ ይታሰራል። ማባበያው ስለዚህ ጭቃ ውስጥ አይገባም፤ በዓሣው ዓይን ፊት ተንሳፎ ይቆያል።

ለማሰር ክሩ ይታጠፍና እጥፉ በመንጠቆው ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል። በድርቡ ክር ላላ ያለ ተራ ቋጠሮ ይሠራል፤ መንጠቆው ራሱ በእጥፉ ቀለበት ውስጥ እንዲሾልክ ይደረጋል። ቋጠሮው በምራቅ ወይም በውኃ ረጥቦ ይጠብቃል፤ በደረቁ ቢሳብ ናይሎኑ ተፋጭቶ ይደክማልና። የተረፈው ረዥም ጫፍ በሹሉ ወገን በኩል እንደገና በቀዳዳው ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል። ያን ጊዜ መንጠቆው ከክሩ ላይ ቀጥ ብሎ፣ ሹሉን ወደ ላይ አድርጎ ይቆማል። ቀዳዳው በደንብ ያልተዘጋ መንጠቆ ከሆነ ክሩን የሚቆርጠው እዚሁ ላይ ነው።

እርሳሱ ድንጋይ ውስጥ ቢሰነቀር ክሩ ከእርሳሱ ማያዣ ሾልኮ እንዲወጣ ተደርጎ ይያዛል። የሚጠፋው ርካሹ እርሳስ ብቻ ይሆናል፤ መንጠቆውና ዓሣው ይተርፋሉ። ይህ የነጋዴ ብልሃት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለዚህ ሥራ የሚመረጠው መንጠቆ በአብዛኛው ቁጥር 1 ወይም 2 ሲሆን ሽቦው ቀጭን ነው። ክሩ ከ6 እስከ 8 ፓውንድ ብቻ የሚሸከም ስለሆነ አጥማጁ በኃይል አይነጥቅም፤ ዘንጉን ቀስ ብሎ ያነሳል። ወፍራም መንጠቆ በዚህ ቀስታ የዓሣውን አፍ አይበሳም። ሣር በበዛበት ውኃ ግን ሹሉ በማባበያው ሥጋ ውስጥ ተደብቆ ሣሩን እንዳይለቅም ይደረጋል፤ ለዚህም እግሩ ቀጥ ያለና ጠንከር ያለ መንጠቆ፣ ወፈር ካለ ክር ጋር ይመረጣል።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ አጭር ነው። መንጠቆ፣ ክርና የአጥማጁ ጉልበት መመጣጠን አለባቸው። ቀጭን ክር ላይ ወፍራም መንጠቆ አይበሳም። ወፍራም ገመድ ላይ ቀጭን መንጠቆ ይቃናል። ሁለቱም መጨረሻቸው ያመለጠ ዓሣ ነው።

ወደ እኛ ሐይቆች ስንመለስ

ይኸው ሕግ በዝዋይና በሐዋሳ አምባዛ ለሚያጠምደውም ይሠራል፤ የሚለወጠው ልኩ ነው። አምባዛ አፉ ሰፊ፣ ጭንቅላቱ አጥንታም፣ ጉልበቱም ብርቱ ነው። የሚጠመደውም ብዙ መንጠቆዎች በተንጠለጠሉበትና ሌሊቱን ውኃ ውስጥ በሚያድር ረዥም ገመድ ነው። ዘንግ የሚያነሳ ሰው በአጠገቡ የለም። ስለዚህ መንጠቆው ብቻውን መያዝ፣ ብቻውን ችሎ ማደር አለበት። ለዚህ የሚፈለገው አፉ ሰፊ፣ ሽቦው ወፍራም፣ ሹሉ የሰላ ዕቃ ነው። ለድሮፕ ሾት የተሠራውን ስስ መንጠቆ ለአምባዛ ማቅረብ ለሲኖትራክ የብስክሌት ጎማ እንደ መሸጥ ይቆጠራል።

ሹሉ ወደ እግሩ የታጠፈው ክብ መንጠቆ የሚባለው ዓይነትም ለእንዲህ ያለ ሥራ የተመቸ ነው። ዓሣው ማባበያውን ይዞ ሲሄድ መንጠቆው ራሱ ዞሮ የአፉን ጥግ ይይዛል፤ የሚነጥቅ ሰው አያስፈልገውም። በሰሜን ፓስፊክ ሃሊበት የሚያጠምዱ ጀልባዎች በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ከተለመደው መንጠቆ ወደዚህ ሲዞሩ በአንድ መንጠቆ የሚያገኙት ዓሣ በእጅጉ ጨምሯል። መንጠቆው አንጀት ውስጥ ስለማይገባም ዓሣው እስከ ንጋት በሕይወት የመቆየት ዕድሉ የተሻለ ነው። ለነጋዴው ይህ ማለት ትኩስ ዓሣ ማለት ነው።

ከማዘዝዎ በፊት ናሙና ይፈትኑ

ሻጩ የሚያቀርበውን አንድ የተመረጠ መንጠቆ አይቀበሉ። ከተለያዩ ሳጥኖች 20 ያህል ያስወጡና የሚከተሉትን ያድርጉ።

1. ሹሉን በአውራ ጣት ጥፍር ላይ ሳይጫኑ ይሳቡት። ከያዘ የሰላ ነው፤ ከተንሸራተተ ዶልዷማ ነው።

2. ቀዳዳውን ይመልከቱ። የሽቦው ጫፍ እግሩ ላይ ገጥሞ መዘጋት አለበት። ክፍተት ካለው ክር ይቆርጣል።

3. በፒንሳ ይዘው አፉን ጥቂት ይክፈቱት። ጥሩ መንጠቆ ትንሽ ሰጥቶ ይመለሳል። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ከመጠን በላይ ደርቋል፤ እንደ ተከፈተ ከቀረ ብረቱ ለስላሳ ነው።

4. ጥቂቱን ጨው ባለው ውኃ ነክረው ያሳድሩ። ማግስቱን ዝገት የሸፈነው ከሆነ ቅቡ ስስ ነው።

5. ሁሉንም ጎን ለጎን አስተኝተው የአፋቸውን ስፋት ይለኩ። በአንድ ሳጥን ውስጥ ልኩ ከተለያየ የፋብሪካው ቁጥጥር ደካማ ነው።

በትዕዛዙ ላይም ቁጥሩን ብቻ አይጻፉ። የፋብሪካው ስም፣ የቅርጹ ዓይነት፣ የአፉ ስፋትና የሽቦው ውፍረት በሚሊሜትር፣ የቅቡ ዓይነት፣ በሳጥን ውስጥ ያለው ብዛት በዝርዝር ይስፈር። ዕቃው ሳይመሳሰል ቢመጣ የሚሟገቱት በዚህ ወረቀት ነው።

ርካሹ የት ላይ ይወደዳል?

ለስሌት ያህል ብቻ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ርካሹ መንጠቆ 6 ብር፣ ጥሩው 10 ብር ነው እንበል። ባለ 200 መንጠቆ ገመድ ለመሥራት አንዱ 1,200 ብር፣ ሌላው 2,000 ብር ይፈጃል፤ ልዩነቱ 800 ብር ነው። አንድ አምባዛ 400 ብር ቢሸጥ ርካሹን የገዛው አጥማጅ በተቃና ወይም በተሰበረ መንጠቆ ሁለት ዓሣ ብቻ ቢያመልጡት ያተረፈው ሁሉ አለቀ ማለት ነው። ሦስተኛው ዓሣ ሲያመልጥ ኪሳራው ይጀምራል፤ ለዚያ መንጠቆ ወደ ሸጠው ሱቅም ተመልሶ አይሄድም። አጥማጆች ደግሞ ይነጋገራሉ። በአንድ ሐይቅ ዳር ስሙ የጎደፈ ዕቃ በዋጋ ቅናሽ አይነሳም።

ጊዜውንም ማሰብ ያስፈልጋል። የዓሣ ፍላጎት በጾም ወራት፣ በተለይም በዐቢይ ጾም፣ ከፍ እንደሚል ገበያው ያውቀዋል። አጥማጁ ገመዱን የሚያድሰው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ጾሙ ገብቶ የሚደርስ ዕቃ ግማሹን ገበያ አሳልፎታል። ስለሆነም ናሙና ማስመጣቱ፣ መፈተኑና ማዘዙ ዕቃው ከጾሙ በፊት ሱቅ እንዲገባ ተደርጎ መታቀድ ይኖርበታል።

ናሙናውን ከፈተኑ በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል። ጥቂቱን ለሁለት ወይም ለሦስት የታወቁ አጥማጆች በነፃ ይስጡና አንድ ሳምንት ይሥሩበት። እነርሱ በጥፍራቸው ሞክረው የተቀበሉትን ይዘዙ። ሃያ መንጠቆ በነፃ መስጠት ካርቶን ሙሉ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ከማሳደር ይረክሳል።