መርፌ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ

«አደንዛዥ ዕፅ ለሚወጋ ሰው አዲስ ሲሪንጅ በነፃ መስጠት ሱሱን ማባባስ አይሆንም ወይ?» ይህን ተማሪም ወላጅም ይጠይቃል። ጥያቄው ከቅንነት የመጣ ስለሆነ መልሱን ረጋ ብለን አንድ በአንድ እንከተለው። በከተማችን ዋጃ አዘውትረን የምናየው ሱስ ጫት፣ አረቄና ሲጋራ ነው። መርፌ ግን ለማናችንም እንግዳ አይደለም፤ ሕፃን ይከተብበታል፣ ሕመምተኛ ይወጋበታል፣ ከብትም ይታከምበታል። ስለዚህ ከምናውቀው መርፌ እንነሳ።

አንደኛ፦ ሲሪንጅ ተገፍቶ ቢያልቅም ባዶ አይሆንም።

አዲስ ሲሪንጅ ውሰዱና በቀይ ቀለም የተበጠበጠ ውሃ ሳቡበት። እስከ መጨረሻው ገፍታችሁ አፍስሱት። ቀጥሎ ንጹሕ ውሃ ሳቡ፤ ውሃው ሮዝ መልክ ይይዛል። መርፌው ከሲሪንጁ ጋር በሚጋጠምበት አንገት ውስጥ ጠብታ ቀርቷልና። በደም ሥር የሚወጋ ሰው ደግሞ ሥሩን ማግኘቱን ለማረጋገጥ መጀመሪያ ጥቂት ደም ይስባል። ያ ደም ለዓይን በማይታይ መጠን እዚያው አንገት ውስጥ ይቀራል። ሁለተኛው ሰው በዚያው ሲሪንጅ ሲወጋ የመጀመሪያውን ሰው ደም አብሮ ይወጋል።

ሁለተኛ፦ በሽታው በዚያ ጠብታ ይጓዛል።

በደም ከሚተላለፉት ሦስቱን ለይተን እንያቸው፤ ኤችአይቪ፣ እንዲሁም ሄፓታይተስ ቢ እና ሄፓታይተስ ሲ የተባሉት የጉበት በሽታዎች። ያልተከተበ የጤና ባለሙያ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው የተወጋበት መርፌ ቢወጋው፣ ከ100 ጊዜ እስከ 30 ጊዜ ድረስ ሊይዘው ይችላል። ሄፓታይተስ ሲ ከ100 እስከ 2፣ ኤችአይቪ ደግሞ ከ1,000 ወደ 3 ነው። ይህ የአንድ ጊዜ ንክኪ ስሌት ነው፤ በቀን ደጋግሞ የሚጋራ ሰው አደጋውን በየቀኑ ይደግመዋል። ጊዜ ማለፉም አያድነውም። ሄፓታይተስ ቢ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል፤ ሄፓታይተስ ሲ ደግሞ በቤተ ሙከራ በሲሪንጅ ውስጥ እስከ 63 ቀን ተገኝቷል።

ሦስተኛ፦ አገልግሎቱ ሲሪንጅ ከማደል ይሰፋል።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1984 በአምስተርዳም የዕፅ ተጠቃሚዎች ራሳቸው ያቋቋሙት ማኅበር ሄፓታይተስ ቢን ለመግታት ያገለገለውን ሲሪንጅ በአዲስ መለወጥ ጀመረ። ኤችአይቪ በሀገራችን መኖሩ የታወቀውም በዚያው ዓመት ነው። ዛሬ ሲሪንጅ በሚለወጥበት ጣቢያ ሰውየው አዲስ ሲሪንጅ ይቀበላል፣ ያገለገለውን ይመልሳል፣ ደሙን ይመረመራል፣ ቁስሉ ይታጠብለታል። ኤችአይቪ ከተገኘበት መድኃኒት ይጀምራል። ሄፓታይተስ ሲ ከሆነ በ12 ሳምንት ገደማ በሚዋጥ ኪኒን ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይድናሉ። ከሄሮይን መላቀቅ ለሚሻ ደግሞ ሜታዶን የሚባል መድኃኒት አለ፤ በምሥራቅ አፍሪካ የምትገኘው ታንዛኒያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 ዳሬሰላም በሚገኘው ሙሂምቢሊ ሆስፒታል መስጠት ጀምራለች።

አራተኛ፦ ሱስ ያባብሳል የሚለውን እንመዝን።

በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ኦስቲን የምትባል ከ5,000 ያነሰ ሰው የሚኖርባት የገጠር ከተማ አለች። የምትገኝበት ስኮት አውራጃ ቀድሞ በዓመት ከ5 ያነሰ አዲስ የኤችአይቪ ታማሚ ይመዘገብበት ነበር። ሰዎች የሕመም ማስታገሻ ኪኒን በጥብጠው በጋራ ሲሪንጅ ሲወጉ ቁጥሩ በጥቂት ጊዜ ከ200 አለፈ። ወረርሽኙ ሲነሳ ሲሪንጅ መስጠት በሕግ የተከለከለ ነበር፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 በአስቸኳይ አዋጅ ተፈቀደ፣ ምርመራና ሕክምናውም አብሮ ገባ፣ ስርጭቱም ተገታ። የአሜሪካ የበሽታዎች መከላከያ ማዕከል እንደሚለው ወደ እነዚህ ጣቢያዎች አዲስ የሚመጡ ሰዎች ከማይመጡት 5 እጥፍ ያህል ወደ ሱስ ሕክምና ይገባሉ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ሲሪንጅ ሊወስድ የመጣ ሰው ሳይሰደብና ሳይከሰስ ከነርስ ጋር ይነጋገራል፤ መታከም በፈለገ ዕለት ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

አምስተኛ፦ እኛስ ምን እናድርግ?

ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ናት፤ መኪናውም ሰውም በደጃችን ያልፋል። በሽታም እንደዚሁ። ስለዚህ እነዚህን ያዙ።

ስትወጉ ወይም ልጃችሁን ስታስወጉ ሲሪንጁ ከነማሸጊያው በፊታችሁ ይከፈት። ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ነውር የለበትም።

በቤት ውስጥ ያገለገለ ሲሪንጅ አታስቀምጡ። የከብት መርፌ ለሰው፣ ቀቅላችሁትም ቢሆን፣ አይሆንም።

መንገድ ላይ መርፌ ካገኛችሁ በባዶ እጅ አትንኩት፣ ክዳኑንም ልትመልሱ አትሞክሩ። ክዳን ባለው ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ በመቆንጠጫ ከታችሁ ለጤና ጣቢያ አስረክቡ።

መርፌው ከወጋችሁ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ እጠቡት፤ አትጭመቁት፣ በረኪናም አታፍስሱበት። በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ በቶሎ ሲጀመር ደግሞ ይበልጥ ይሠራል።

በመጨረሻም፣ ከወንድማችሁ ወይም ከልጃችሁ ኪስ ሲሪንጅ ብታገኙ አታባርሩት። የተባረረ ሰው ተደብቆ ይወጋል፤ የተደበቀ ሰው ደግሞ ያገኘውን መርፌ ይጋራል። ሱስ ሕመም ነው። እጁን ይዛችሁ ለኤችአይቪና ለሄፓታይተስ አስመርምሩት፣ ሐኪሙን ስለ ሱስ ሕክምና ጠይቁለት፣ እስኪድን ድረስም ቤተሰብነታችሁን አትንፈጉት።