እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል
(ስለ ሞት ቅጣትና ስለ ንጹሕ ሰው ደም የቀረበ ትምህርት)



በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ የሚኖር ሕዝብ የደም መፍሰስ ምን እንደሆነ ያውቃል። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ በዳባት ወረዳ በጭና ሰላማዊ ሰዎች በታጣቂዎች እጅ ያለ ፍርድ ተገድለዋል። ሐዘኑ ከብዙ ቤት ገና አልወጣም። ስለዚህ «የገደለ ይገደል» የሚለው ቃል በለቅሶ ቤትም ሆነ በገበያ ቢሰማ አያስደንቅም። ካተኪስቱም «ቤተ ክርስቲያን ነፍሰ ገዳይ እንኳ በሞት አይቀጣ የምትለው ስለምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ሊኖረው ይገባል። ይህ ትምህርት ከምክንያቶቹ መካከል በተለይ አንዱን፣ ማለትም ንጹሕ ሰው በስሕተት የሚገደልበትን አደጋ ይመለከታል።

1. የሀገራችን ሕግ ምን ይላል?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 15 ማንኛውም ሰው በሕይወት የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ይህን መብት የሚያጣውም በሕግ በተወሰነ ከባድ ወንጀል ሲቀጣ ብቻ ነው ይላል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 117 ቅጣቱን በብዙ አጥር ይከበዋል። ወንጀሉ እጅግ ከባድና ፍጻሜ ያገኘ፣ ወንጀለኛውም በተለይ አደገኛና በድርጊቱ ጊዜ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ርእሰ ብሔሩ ካላጸናውም ፍርዱ አይፈጸምም።

በፍርድ ቤት የተሰጠ የሞት ፍርድ ለመጨረሻ ጊዜ እንደተፈጸመ የሚታወቀው በ1999 ዓ.ም. ነው። ሆኖም ሕጉ አልተሻረም፤ ፍርዱም ከዚያ ወዲህ መሰጠቱን አላቆመም። ሕግ አውጪው ይህን ሁሉ አጥር ማጠሩ ዳኛም ሰው እንደሆነና ሊሳሳት እንደሚችል የሚመሰክር ነው።

2. ስሕተት በምን በር ይገባል?

በቀድሞ ዘመን ዕቃ ሲሰረቅ ሌባ ሻይ ይጠራ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ያ ሰው ንጹሕ ቢሆንም የሚያስረዳበት መንገድ አልነበረውም። ሌባ ሻይ ዛሬ የለም። የሐሰት ምስክር፣ በማስጨነቅ የተገኘ ቃል፣ የቂም ጥቆማ፣ ደኻ ተከሳሽ የሚከራከርለት ማጣቱ ግን ዛሬም አሉ።

በሠለጠኑ በሚባሉ ሀገሮችም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝ ሀገር ጢሞቴዎስ ኢቫንስ የተባለ ሰው ልጁን ገድለሃል ተብሎ በ1950 እ.ኤ.አ. ተሰቀለ። ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው ቤት ይኖር የነበረውና በፍርዱ ላይ የመሰከረበት ጎረቤቱ የብዙ ሴቶች ገዳይ ሆኖ ተገኘ። ለኢቫንስ በ1966 እ.ኤ.አ. ይቅርታ ተሰጠው፤ ይቅርታው ግን የደረሰው ለመቃብሩ ነው።

በጃፓን ደግሞ ኢዋዎ ሐካማዳ በ1966 እ.ኤ.አ. ተይዞ፣ ከብዙ ቀናት ከባድ ምርመራ በኋላ አምኗል ተብሎ በ1968 እ.ኤ.አ. ሞት ተፈረደበት። በእስር ቤት ሳለ ጥምቀትን ተቀብሎ ካቶሊካዊ ሆነ። ከእስር የወጣው በ2014 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ነጻ መሆኑ የተፈረደለት በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. በ88 ዓመቱ ነው። በአሜሪካም ከ1973 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሞት ከተፈረደባቸው በኋላ ነጻ የወጡት ሰዎች ቁጥር 200 ደርሷል። አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለዋል። እውነት ዘግይቶ ሲመጣ ሐካማዳን በሕይወት አገኘው፤ ኢቫንስን ግን አላገኘውም።

3. ከገዛ ታሪካችን

ደጃዝማች ካሣ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው በዚሁ በሰሜን፣ በደረስጌ ማርያም፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በጎጃም የተወለዱት መነኩሴና ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል አስቀድመው በጎንደር በእምነታቸው ምክንያት ታስረው ነበር። በዚያው ዓመት ሞት ተፈረደባቸው። የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን ስለ አማለዱአቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ እርሳቸውም በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ዐረፉ። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በ1926 እ.ኤ.አ. ብፁዕ ብለው ሰየሙአቸው። ይህን የምናወሳው ከወንድሞቻችን ጋር የነበረውን የቀድሞ ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። በአንድ ዘመን ሞት የተገባው ወንጀለኛ የተባለ ሰው በሌላ ዘመን በመሠዊያ ፊት ስሙ የሚጠራ ብፁዕ ሊሆን እንደሚችል ለማስተዋል ነው።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 60 ያህል ሰዎችን፣ ከእነርሱም መካከል የቀድሞዎቹን ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድንና እንዳልካቸው መኰንንን ገደለ። የባለሥልጣናቱን ሥራ እንዲመረምር የተቋቋመው ኮሚሽን ሥራውን ገና አልፈጸመም ነበር። ማን ጥፋተኛ፣ ማን ንጹሕ እንደነበረ በፍርድ ሊታወቅ የሚችልበት መንገድ በዚያች ሌሊት ተዘጋ።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ፣ በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት መንግሥትን ለመገልበጥ አሢረዋል ተብለው በተከሰሱ አምስት ሰዎች ላይ ሞት ፈረደ። ዶክተር ብርሃኑ ነጋና አቶ አንዳርጋቸው ጽጌ በሌሉበት ከተፈረደባቸው መካከል ነበሩ። አቶ አንዳርጋቸው በ2006 ዓ.ም. በየመን ተይዘው ወደ ሀገር ቤት ተወሰዱ፤ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ግን በይቅርታ ተፈቱ። ዶክተር ብርሃኑም በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። በፖለቲካው ክርክር ለመፍረድ አንሻም። የመንግሥት አሳብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደሚለወጥ፣ የተገደለ ሰው ግን እንደማይመለስ ከዚህ መማር ይቻላል።

4. የቅዱስ መጽሐፍና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

ኦሪት ንጹሑን እንዳንገድል ያዛል (ዘጸአት 23፥7)፤ በአንድ ሰው ምስክርነት ብቻም ማንም እንዳይገደል ይከለክላል (ዘዳግም 17፥6)። ሆኖም ሁለት ምስክሮችም ሊዋሹ ይችላሉ። ናቡቴ በሁለት ሐሰተኞች ቃል ተወግሮ ሞተ (1ኛ ነገሥት 21)። ሶስናም በሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች ምስክርነት ወደ ሞት ስትነዳ፣ ዳንኤል ምስክሮቹን ለያይቶ ነገሩ የሆነው በየትኛው ዛፍ ሥር እንደሆነ ጠየቃቸው። እያንዳንዳቸው ሌላ ሌላ ዛፍ ጠሩ (ዳንኤል 13)። ከሕዝቡ መካከል ያን ጥያቄ የሚጠይቅ አንድ ወጣት ባይነሣ ኖሮ ንጽሕት ሴት በተወገረች ነበር።

በእርግጥ ኦሪት የሞት ቅጣትን ያውቃል፤ ሐሰተኞቹ ሽማግሌዎችም በዚያው ሕግ ተቀጥተዋል። ጌታችን ግን ልትወገር የቀረበችውን ሴት ከድንጋይ አድኖ ወደ ንስሓ ሕይወት ሰደዳት (ዮሐንስ 8)። እርሱ ራሱም በሐሰት ተከስሶ ንጹሕነቱን በሚያውቅ ዳኛ ሞት ተፈርዶበታል። መስቀልን የምንሳለም ሁሉ በስሕተት የተፈረደበትን ንጹሕ እንሳለማለን።

ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1995 እ.ኤ.አ. «የሕይወት ወንጌል» በተባለው መልእክታቸው፣ ኅብረተሰብን በሌላ መንገድ መጠበቅ በሚቻልበት በአሁኑ ዘመን የሞት ቅጣት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ ለማለት እንደሚያስቸግር አስተማሩ። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም በ2018 እ.ኤ.አ. የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ቁጥር 2267 እንዲታደስ አደረጉ። በዚህም መሠረት የሞት ቅጣት የሰውን ክብር የሚነካ በመሆኑ ተቀባይነት የለውም፤ ቤተ ክርስቲያንም በዓለም ሁሉ እንዲቀር ትሠራለች። ስለዚህ ጥፋቱ ያለ ጥርጥር የታወቀ ሰው እንኳ በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ መሆኑ አይቀርም፤ የንስሓም በር አይዘጋበትም።

5. «የተበደለውስ?» ለሚሉ

ልጁን ያጣ አባት ሲቆጣ ልንገሥጸው አይገባም፤ አብረነው ልናለቅስ እንጂ። ቤተ ክርስቲያን ወንጀል ሳይቀጣ ይቅር አትልም። ገዳይ ሊያዝ፣ ሊፈረድበትና ሕዝብን እንዳይጎዳ ሊጠበቅ ይገባዋል። ነገር ግን በስሕተት ሌላ ሰው ቢሰቀል የሟቹ ደም አልተመለሰም፤ እውነተኛው ገዳይ ያመልጣል፤ ሁለተኛ እናትም ታለቅሳለች። ከዘር ማጥፋት የወጣችው ሩዋንዳ እንኳ በ2007 እ.ኤ.አ. የሞት ቅጣትን ሰርዛለች። በሀገራችንም በ2003 ዓ.ም. የሃይማኖት መሪዎች ከለመኑ በኋላ የ23 የደርግ ባለሥልጣናት የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለውጧል።

6. እኛ ምን እናድርግ?

ሕግ የመለወጥ ሥልጣን በእጃችን ላይሆን ይችላል፤ ምላሳችን ግን በእጃችን ነው። ስለዚህ ያላየነውን አይተናል፣ ያልሰማነውን ሰምተናል ብለን አንመስክር፤ ዘመዳችን ቢሆንም እንኳ። «እሱ ነው ይላሉ» የሚለውን ወሬ ከቤታችን አናሳልፍ። በደም የሚፈላለጉ ቤተሰቦች ሲኖሩ ሽማግሌ ልከን ለእርቅ እንድከም። የታሰሩትን እንጠይቅ (ማቴዎስ 25፥36)፤ ጥፋተኛና ንጹሕ ብለን ሳንለይ። ካተኪስቶችም የሶስናን ታሪክ ለልጆች ሲያስተምሩ የዳንኤልን ጥያቄ በልባቸው ይትከሉ፤ ሕዝብ ሁሉ በአንድ ድምፅ በሚጮኽበት ሰዓት ቆም ብሎ መጠየቅን ይልመዱ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. ሕዝቡ በሶስና ላይ የቀረበውን ምስክርነት ሳይመረምር የተቀበለው ስለምንድን ነው?
ለ. በሰፈራችን ሰው ያለ ማስረጃ የሚወነጀልባቸው መንገዶች የትኞቹ ናቸው?
ሐ. ዘመዱ የተገደለበትን ሰው ስናጽናና ስለ ፍትሕና ስለ ይቅርታ ምን ልንለው እንችላለን?
መ. የሞት ፍርድ ወደ እስራት መለወጡ ለእውነትና ለንስሓ ምን ጊዜ ይሰጣል?