ባልና ሚስት ለረጅም የባሕር ማዶ ጉዞ ሲዘጋጁ

ለጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

የትምህርቱ ዓላማ፦ ባልና ሚስት አብረው ወይም አንዳቸው ብቻ ለብዙ ጊዜ ወደ ውጭ አገር ከመሄዳቸው በፊት፣ በቤታቸው ሊወስኑት የሚገባቸውን ነገር እንዲያውቁ ለመርዳት።



ከዛሪማ ባሕር ማዶ ማሰብ አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞ ዘመን ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚሄደው የሲራራ ነጋዴ በዳባትና በደባርቅ አልፎ፣ ሊማሊሞን ወርዶ፣ የዛሪማን ቆላ አቋርጦ፣ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ዐድዋ ያቀና ነበር። ባሕሩን የሚያሻግረው መንገድ በደጃችን ያልፍ ነበር ማለት ነው። ዛሬ መንገደኛው አቅጣጫውን ለውጧል። ሊማሊሞን በመኪና ወጥቶ ወደ ደባርቅ፣ ከዚያ ወደ ጎንደርና ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ አውሮፕላን ይሄዳል። አንዱ ለትምህርት፣ ሌላው ለሥራ፣ ሌላውም ለሕክምና ይነሣል።

ብዙ ጊዜ ዝግጅት ስንል ሻንጣ፣ ልብስና ስንቅ ይታየናል። እነዚህ በሁለት ቀን ይሰናዳሉ። ቤት የሚፈርሰው ግን ሻንጣ ስለ ጎደለ አይደለም። ሳይነገር የቀረ ነገር ስላለ ነው። ስለዚህ ትምህርታችን በሻንጣ ሳይሆን በምክክር ይጀምራል።

፩. ጉዞው የሁለቱ ይሁን

በየካቲት 1847 ዓ.ም. በሰሜን ተራራ በደረስጌ ማርያም የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በሚያዝያ 1858 ዓ.ም. ማርቲን ፍላድ የተባለውን ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ደብዳቤ አስይዘው ወደ እንግሊዝ ላኩት። ደብዳቤው ባለ እጆች እንዲላኩላቸው የሚጠይቅ ነበር። ሚስቱ ጳውሊናና ልጆቹ ግን መያዣ ሆነው በኢትዮጵያ ቀሩ። ፍላድ በሐምሌ ለንደን ደረሰ፤ ከንግሥት ቪክቶሪያም ፊት ቀረበ። በአውሮፓ ቢቀር የሚያስገድደው ሰው አልነበረም። ሆኖም በ1859 ዓ.ም. ንጉሡ የጠበቋቸውን ባለ እጆች ሳይዝ፣ ቁጣቸውን እያወቀ ተመለሰ። ቤተሰቡ ነፃ የወጣው ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የቀረው ሰው ከሄደው ያላነሰ ጉዞ ይጓዛል። ጳውሊና ከአገር ሳትወጣ የመንገዱን ፍርሃት ሁሉ ተሸክማለች። ሁለተኛ፣ የሄደው ሰው የሚመለሰው ልቡ ቤቱ ላይ ስለ ታሰረ ነው። የጳውሊናን ባል ንጉሥ ላከው፤ የእኛን ግን የሚልከን የራሳችን ውሳኔ ነው። ስለዚህ ማንም ለሚስቱ ወይም ለባሏ «ቪዛው መጥቷል» ብሎ መንገር የለበትም። ነገሩ ገና ሐሳብ ሳለ መነጋገር ይገባል። ለምን እንሄዳለን? ለስንት ጊዜ? ጊዜው ቢራዘም ማን ይወስናል? አንዳችን እዚያ መቅረት ብንፈልግስ? እነዚህን ጥያቄዎች ከመነሣት በፊት መጠየቅ ያሳፍር ይሆናል። በሦስተኛው ዓመት በስልክ መጠየቅ ግን ያፋታል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 የምናገኛቸው አቂላና ጵርስቅላ ከሮም ወደ ቆሮንቶስ፣ ከቆሮንቶስ ወደ ኤፌሶን ተጉዘዋል። ሥራቸው ድንኳን መስፋት ነበረ፤ በሄዱበትም ሠርተው ይበሉ ነበር። በአዲስ ኪዳን የአንዱ ስም ያለ ሌላው አይጠራም። አብረው የሚሄዱ ባልና ሚስት ይህን ልብ ይበሉ፦ በሰው አገር ሁለቱም የሚይዙት ሥራ ወይም ትምህርት ያስፈልጋቸዋል። አንዱ ሲማር ሌላው አራት ግድግዳ ሲጠብቅ ቢውል፣ አብሮ መሄዱም መለያየት ይሆናል።

፪. ስምና ወረቀት

በአገራችን ሚስት የባልዋን ስም አትወስድም፤ ልጅም በአባቱ ስም ይጠራል። ስለዚህ አባት፣ እናትና ልጅ በፓስፖርታቸው ላይ የመጨረሻ ስማቸው ሦስት ዓይነት ይሆናል። የውጭ አገር ሹም ይህን ሲያይ «በእርግጥ አንድ ቤተሰብ ናችሁን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ የጋብቻ ምስክር ወረቀትና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ነው። በሽማግሌ ወይም በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው በመንግሥት ያልተመዘገቡ ብዙዎች ናቸው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ስላለ፣ በቀበሌያችሁ ጠይቃችሁ አስመዝግቡ።

የልደት ቀንንም ተጠንቀቁ። የእኛ አቆጣጠር ከፈረንጆቹ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያንሳል። በአንዱ ወረቀት ላይ በእኛ፣ በሌላው ላይ በእነርሱ አቆጣጠር ከተጻፈ፣ አንዱ ሰው ሁለት ሰው ይመስላል። የስም አጻጻፍም በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደዚህ አካባቢ በደረሰ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ጥሎ ሸሽቷል። በእንዲህ ያለ ቀን ወረቀት ለማንሣት ጊዜ የለም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ሰነድ ቅጂ አንዱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሌላውን ራቅ ባለ ከተማ ከሚኖር የታመነ ዘመድ ዘንድ አስቀምጡ።

፫. ቤት፣ መሬትና ዕዳ

በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስም ይይዛል። የቤተሰብ ሕጉም የጋራ ቤትን አንዱ ብቻውን እንዲሸጥ አይፈቅድም። አንዳችሁ የምትቀሩ ከሆነ፣ የሚቀረው ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል በውክልና ወረቀት ይጻፍ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና ንብረትን ለማስተዳደር ብቻ ያገለግላል፤ ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ሁለታችሁም ከሄዳችሁና ለወንድም ውክልና ከሰጣችሁ፣ አስቀድማችሁ ይህን ልዩነት አስቡበት። ለማረስና ለማከራየት የተሰጠ ሥልጣን ለመሸጥ የተሰጠ መሆን የለበትም። መሬቱን ማን እንደሚያርሰው፣ እኩሌታው ወይም ሲሶው ለማን እንደሚገባ በምስክር ፊት ተስማሙ፤ ለረጅም ጊዜ መራቅ በይዞታ መብታችሁ ላይ ምን እንደሚያስከትልም ከወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ለጉዞው የተበደራችሁትን ገንዘብ ሁለታችሁም በቁጥር እወቁት። ዕቁብ ካለ ጨርሳችሁ ውጡ። እድራችሁን ግን አታቋርጡ፤ መዋጮውን የሚከፍልላችሁ ሰው ወክሉ። በሌላችሁበት ወላጅ ቢሞት የሚያነሣው እድሩ ነውና።

፬. ጤና

ሳሙኤል ጎባት የተባለው ሚስዮናዊ ከሚስቱ ከማርያ ጋር በ1827 ዓ.ም. ዐድዋ በመጣ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአልጋ ላይ አሳልፎ ሥራውን ሳይሠራ ተመለሰ። ሕመም የታቀደውን ሁሉ ይገለብጣል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለታችሁም ተመርመሩ።

የቢጫ ወባ ክትባት ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የምስክር ወረቀቱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ዛሪማ ቆላ ነውና ስለ ወባም እንናገር። አንዱ የወባ ዓይነት በጉበት ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል። በሰው አገር ትኩሳት ቢይዛችሁ ለሐኪሙ «የመጣሁት ወባ ካለበት አገር ነው» ማለትን አትርሱ፤ እርሱ ጉንፋን ሊመስለው ይችላል። ደግሞም ለዓመታት ወባ በሌለበት የኖረ ሰው የነበረው መከላከያ ይደክማል። ስትመለሱ፣ በተለይም በዚያ ለተወለደ ልጅ፣ አጎበር ይኑራችሁ።

፭. ልጆችና መገናኘት

ልጅን ለአያት ትቶ መሄድ በአገራችን የተለመደ ነው። ነገር ግን ልጁ ሊነገረው ይገባል። ሌሊት ተኝቶ ሳለ የተተወ ልጅ፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍን ይፈራል። ወዴት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ በሚገባው ቋንቋ ንገሩት። ማን እንደሚቀጣው፣ ማን ትምህርት ቤት እንደሚጠራለት ከአያቶቹ ጋር ወስኑ።

ለመነጋገር የታወቀ ቀንና ሰዓት ይኑራችሁ። ገንዘብ በተላከ ቀን ብቻ የሚደወል ከሆነ፣ ስልኩ የገንዘብ እንጂ የፍቅር አይሆንም። ጠብ ቢነሣ በዘመድ በኩል አትላላኩ። ከሁለታችሁ በቀር የሚሰማችሁ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት አስቀድማችሁ ምረጡ።

፮. የጉባኤውና የፕሮጀክቱ ድርሻ

ሠራተኛን ለረጅም ሥልጠና የሚልክ ፕሮጀክት ሠራተኛውን ብቻ ጠርቶ ማነጋገር አይበቃውም፤ ባል ወይም ሚስትም ይጠሩ። ደመወዙ ምን ያህል እቤት እንደሚቀር፣ በማን እጅ እንደሚከፈል ይጻፍ። ጉባኤውም የመሸኛ ጸሎት አድርጎ እንዳይረሳ። የቀረችውን እናት በአዝመራ ጊዜ የሚያግዙ፣ የቀረውን አባት ልጆቹን በማሳደግ የሚረዱ ሰዎች በስም ይመደቡ። የተላከው አንድ ሰው ቢሆን፣ የተላከው ቤት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን አንዱ ሄዶ አንዱ የቀረበት ቤት ምን ይቸገራል? እኛስ ምን አደረግን?
2. ባልና ሚስት ከጉዞ በፊት ለመነጋገር የሚያፍሩበት ነገር የትኛው ነው? ለምን?
3. ጋብቻቸውን ያላስመዘገቡ በመካከላችን አሉን? በዚህ ወር ማን ይረዳቸዋል?
4. ከጉባኤያችን ርቀው ያሉትን ቤተሰቦች ስም ጻፉ። በየቤታቸው የሚጎበኛቸው ማን ነው?