«ታይፎይድ ነው» ሲሉሽ ዝም አትበይ

አባዮ፣ ገበያ ላይ ለአንዲት ድሪያ ሻጩን እስኪያልበው የምትከራከሪ ልጅ፣ ነጭ ጋዋን ስታዪ ምላስሽ የት ይገባል? ስንቴ «ታይፎይድ ነው» ተብለሽ ክኒን ይዘሽ ተመለስሽ? ትኩሳቱ እንደሆነ ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ሌሊት ላብ ያጠምቅሻል፣ ወገብሽን ይቆርጥሻል። ነገ ሐኪም ቤት ከመሄድሽ በፊት ስሚኝ።

አንደኛ፣ ሳትጠየቂ ተናገሪ። ጥሬ የግመል ወተት እንደምትጠጪ፣ ፍየል ስትወልድ እንደምታዋልጂ ሐኪሙ ከየት ያውቃል? ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከእንስሳት የሚተላለፍ በሽታ የሚይዘው በዚሁ መንገድ ነው፤ ምልክቱም ታይፎይድ ይመስላል።

ሁለተኛ፣ ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ «ፖዘቲቭ» ስላለ ነገሩ አላለቀም፤ የድሮ ሕመም አሻራም ሊሆን ይችላል። በአክብሮት፣ ግን ሳትንተባተቢ፦ «ዶክተር፣ መድኃኒቱን ጨርሼ አልተሻለኝም። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? የብሩሴላ ምርመራ ቢያዙልኝስ?» በያቸው። አያስፈልግም ካሉሽ ምክንያቱን ጠይቂ። ካሳመነሽ ተቀበይ፤ ካላሳመነሽ ሌላ ሐኪም ይይሽ። ጩኸት ግን አይሆንም፣ የኔ ቆንጆ፤ እሳቸውም ከጠዋት ጀምሮ ስንቱን ሲያዩ ውለዋል።

ሦስተኛ፣ ሳል ካለሽና 2 ሳምንት ከሞላው አክታሽ ይመርመር። የሌሊት ላብና መክሳት የቲቢም ምልክት ነው። በመንግሥት ጤና ተቋም የቲቢ ምርመራውም መድኃኒቱም በነፃ ስለሆነ፣ የገንዘብ ሰበብ እንዳታመጪብኝ።

አራተኛ፣ ቶጎ ውጫሌ ወይም ቀብሪበያህ ሆነሽ የታዘዘልሽ ምርመራ እዚያ ከሌለ፣ «የለም» የሚል ቃል ብቻ ይዘሽ ቤት አትግቢ። ወደ ጅግጅጋ፣ ካራማራ ወይም ሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል፣ ሪፈር አጽፊ። የቀድሞ ውጤቶችሽንና የዋጥሽውን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ያዢ። ቋንቋው ካስቸገረሽ አስተርጓሚ ውሰጂ፤ ምስጢርሽን የምትደብቂያት ዘመድ ግን አትሁን።

አምስተኛ፣ ከመመርመርሽ በፊት ከፋርማሲ በራስሽ አንቲባዮቲክ ገዝተሽ አትዋጪ፤ የደም ካልቸር ምርመራውን ያበላሽብሻል። ብሩሴሎሲስ ከተገኘብሽ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ 6 ሳምንት ነውና፣ ገና በሁለተኛው ሳምንት «ዳንኩ» ብለሽ እንዳታቋርጪ። እርጉዝ ከሆንሽ ደግሞ መድኃኒት ሳይጻፍልሽ ተናገሪ።

ወተቱንም አፍዪው፣ ሆዴ። አያትሽ «ጥሬው ነው መድኃኒቱ» ብለው ቢቆጡሽ፣ ወደ እኔ ላኪያቸው።